ትልቁ ስልክና ትንሹ እጅ

መቼም የእጅ ስልክ ሲወለድ ትንሽ አልነበረም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጽፍ አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ።) በ1983 ሞቶሮላ ለገበያ ያቀረበው ዳይናታክ 8000 ኤክስ ክብደቱ 800 ግራም ገደማ፣ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። ቅርጹን ያዩ ሰዎች “ጡብ” አሉት። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ ሃያ ዓመት ያህል የደከሙት ይህን ጡብ ለማሳነስ ነው። በ1996 ያው ኩባንያ ያወጣው ታጣፊው ስታርታክ 88 ግራም ነበር፤ በ1999 የወጣው ኖኪያ 8210 ደግሞ 79 ግራም ሆነ። ማነስ የሥልጣኔና የሀብት መታያ ሆኖ አረፈው። እንዲያውም በ2001 የወጣው “ዙላንደር” የተሰኘ የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም ባለ ታሪኩን ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ስልክ አስይዞ በዘመኑ ፋሽን አሹፏል።

ታዲያ ያ ሁሉ ሩጫ ምን ነካውና ነው ዛሬ ሰዉ የተማሪ ሰሌዳ የሚያህል ነገር ጉንጩ ላይ ለጥፎ የሚሄደው? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ወዲህ ነው። ስልክ የጆሮ ዕቃ ሳለ ቢያንስ ማንንም አይጎዳም ነበር፤ ጆሮ ቦታ አይፈልግምና። የዓይን ዕቃ ከሆነ በኋላ ግን ያነሰው ሁሉ ይጎድል ጀመር።

ለውጡ የመጣው በአንድ ቀን አይደለም። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን ለዓለም ሲያሳይ የስክሪኑ ልክ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 3.5 ኢንች ነበር። ያን ጊዜ እርሱም ሰፊ ተብሎ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2010 አጋማሽ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ከዚያ የሚበልጥ ማውጣት ሲጀምሩ ጆብስ በጋዜጠኞች ፊት አፌዘባቸው። እጅ የማይጨብጠውን ስልክ ማንም አይገዛውም አለ፤ ሃመር ከሚባሉት ግዙፍ መኪኖች ጋርም አመሳሰላቸው። በ2011 ሳምሰንግ ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት፣ ብዕር ጨምሮበት በርሊን ላይ ሲያቀርብ ከምዕራባውያን ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሳቁ። ስልክ ነው እንዳይሉት ገዘፈ፤ ታብሌት ነው እንዳይሉት አነሰ፤ ሁለቱን ቃላት አዳቅለው “ፋብሌት” ይሉት ጀመር። ዓመት ሳይሞላው 10 ሚሊዮን ተሸጠ።

አፕል በ2012 ባለ 4 ኢንቹን አይፎን 5 ሲያወጣ፣ ልኩ ትክክል መሆኑን የአውራ ጣትን ርዝመት ምስክር አድርጎ የሚሟገት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠርቶ ነበር። በ2014 ግን ያው ኩባንያ ባለ 4.7 እና ባለ 5.5 ኢንች ስልኮች ይዞ ብቅ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሰው አውራ ጣት መርዘሙን ግን አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ስለ ኢንች አንድ ነገር ልበል፤ ገበያ ላይ ብዙ ሰው ሲሸወድበት አይቻለሁና። የሚለካው አግድሙን፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ስለሆነ፣ ረዥምና ቀጭን የሆነ ስክሪን ኢንቹ ያው ሆኖ ስፋቱ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ኢንች እጥፍ ሲሆን ስፋት እጥፍ ብቻ አይሆንም። የ2007ቱ አይፎን ስክሪን ስፋቱ 36 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በ2024 የወጣው ባለ 6.9 ኢንች አይፎን ደግሞ 117 ይደርሳል። ኢንቹ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ስፋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ለመሆኑ በ2011 የሳቁት እነማን ነበሩ? ቢሮ ኮምፒዩተር፣ ቤት ላፕቶፕ፣ ሳሎን ቴሌቪዥን ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ ስልክ አራተኛ ስክሪን ነው፤ ቢያንስ ምን ይጎዳቸዋል? በእስያና በአፍሪካ ግን ለብዙ ሰው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ኮምፒዩተር ስልኩ ነው። ደብዳቤው፣ ትምህርቱ፣ ፊልሙ፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ በእኛ አገር በቴሌብር የሚላከው ገንዘቡ በዚያች አንዲት ሰሌዳ ላይ ነው። ሰፊ ሰውነት ሰፊ ባትሪም ይይዛል። የ2011ዱ ጋላክሲ ኖት ባትሪ 2,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 4ኤስ 1,432 ብቻ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ፊደላችንም በዚህ ክርክር ውስጥ ድርሻ አለው። በ1999 አዲስ አበባ ላይ የሞባይል አገልግሎት ሲጀመር፣ በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ስልኮች መዝገቡን የሚያውቁት አልነበሩም። ስለዚህ መልእክታችንን በላቲን ፊደል እንጽፍ ነበር። “ልጁ ጠፋ” እና “ልጁ ተፋ” አንድ ዓይነት ሆነው የሚመጡበት ዘመን ነበር፤ እናት ምን እንደሚሰማት ይታያችሁ! ደግሞስ ፊደሉ ቢኖርስ በየት ይነበባል? ታዋቂው ኖኪያ 3310 ስክሪኑ ላይ የነበሩት ነጥቦች 84 በ48 ናቸው። በዚያ ላይ የቢን ጭረት ከቤ ቀለበት መለየት የጠንቋይ ሥራ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ረድፍ 231 ሲሆኑ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ናት፤ ጭረቷን ለማየት ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል።

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የታተመውን ዳዊት ማንበብ ካቃታቸው ቆይቷል፤ መነጽር ቢቀያየርላቸውም አልሆነም። ልጃቸው ትልቅ ስልክ ገዝታ ፊደሉን አጉልታ ከሰጠቻቸው ወዲህ ግን በየጠዋቱ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በጣታቸው እየገፉ ይደግማሉ። ስለ ትልቅ ስልክ ክፉ ለመናገር ባሰብኩ ቁጥር እርሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ክፉው ግን አለ፤ እርሱም እጅ ላይ ነው። ስቲቨን ሁበር የሚባል የስልክ አጠቃቀም አጥኚ በ2013 በየመንገዱና በየአውቶቡሱ 1,333 ሰዎችን ተመልክቶ፣ ስክሪኑን ሲነኩ ካገኛቸው 780 ሰዎች መካከል 49 በመቶዎቹ በአንድ እጅ ብቻ ይሠሩ እንደነበር ጽፏል። ሌላው እጅ ቦርሳ ይይዛል፣ ልጅ ያቅፋል፣ የአውቶቡስ ብረት ይጨብጣል። በዚያው ዓመት ኢስታንቡል ውስጥ በጌዚ ፓርክ ተቃውሞ መካከል የነበረችው የቱርክ ተወላጇ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዘይነፕ ቱፈክቺ የአስለቃሽ ጭሱን አጠቃቀም በፎቶግራፍ ለመመዝገብ ስልኳን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ልታነሳ ብትል እጇ አልደርስ አላት። ስልኩ የተሠራው በወንድ እጅ ልክ ነው ስትል ጻፈች። ነገሩ እውነት ነው። ሴት እጇ በአማካይ ከወንድ ያነሰ ነው፤ የሴት ልብስ ኪስም፣ ካለ፣ ለጌጥ ያህል ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሁለት እጅ የሚያዝ ስልክ ከሩቅ ይታያል። በታክሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ጋዜጣ በማንበብ ላይ ሳለሁ ነው፤ ጋዜጣዋ እንደ ወፍ ከእጄ በረረች። ሌባው ትንሿን የቁልፍ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ትቶልኝ ሄደ። እርሷ ከእጅ ውስጥ የምትገባ ስለነበረች ማንም አላያትም።

ኩባንያዎቹም ችግሩን ያውቁታል። አፕል በ2014 ትልልቆቹን ሲያወጣ፣ ቁልፉን ሁለቴ ነካ ሲያደርጉት የስክሪኑ የላይኛው ክፍል ወደ ታች የሚወርድበት ዘዴ ጨመረ። ጣት ወደ ላይ ካልደረሰ ላይኛው ወደ ጣት ይውረድ ነው። በ2019 ሳምሰንግ የጀመረው ታጣፊ ስልክ ሲዘረጋ 7.3 ኢንች ነበር፤ ዋጋው ግን 2,000 ዶላር ሊሞላ 20 ቀርቶት ነበር። ለማን ይሆናል?

የእኔ ቅሬታ ትልቁ መምጣቱ ላይ አይደለም፤ ትንሹ መባረሩ ላይ ነው። አፕል በ2020 “ሚኒ” ብሎ ባለ 5.4 ኢንች አወጣ፤ በ2021 ደገመው፤ በ2022 ቦታውን ለትልቅ ሰጠ፤ በ2023 ሽያጩን አቆመ። ገዢ አጣ ተባለ። አጥቶም ይሆናል፤ ትንሽ የሚፈልጉት ቁጥራቸው ትንሽ ነው። የቀረላቸው ወይ የቁልፍ ስልክ፣ ወይ ኪስ የሚቀድደው ነው።

በቅርቡ አንድ ሱቅ ገብቼ ከዘመናዮቹ መካከል ያነሰውን እንዲያሳየኝ ሻጩን ጠየቅሁት። ልጁ መደርደሪያውን ላይ ታች ፈተሸና አንዱን አንስቶ፣ “ይቺ ትሻልዎታለች ጋሼ፣ 6.5 ናት” አለኝ።