ሰውነት የመጀመሪያውን ጉንፋን አይረሳም፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ወፍ ጉንፋን



ሰሞኑን ካንጋተን ላይ ስለ ዶሮ አያያዝ ስናወራ አንድ አባት «እኔን እኮ ጉንፋን ስንት ጊዜ ይዞ ለቆኛል፤ የወፍ ጉንፋን ምን ያደርገኛል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ከታሪክ እንጀምረው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ኢንፍሉዌንዛ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። «የኅዳር በሽታ» የምንለው እሱ ነው። በዓለም ዙሪያ ሲታይ በሽታው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጉልበተኛ አብዝቶ ገደለ። ለምን? አንዱ ማብራሪያ፣ ሽማግሌዎቹን በልጅነታቸው የሚመሳሰል ጉንፋን ይዟቸው ነበር የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሟን የሚያውቅ እረኛ ጥጃዋንም በመልኳ ይለያል። ሰውነታችንም በልጅነቱ መጀመሪያ ያገኘውን ኢንፍሉዌንዛ ዘመዶች ይለያል። የኢንፍሉዌንዛ ዝርያዎች ደግሞ በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ፦ ኤች1፣ ኤች2 እና ኤች5 በአንዱ፣ ኤች3 እና ኤች7 በሌላው። ከ1911 እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ በሰው መካከል የዞሩት ኤች1 በኋላም ኤች2 ናቸው። ከዚያ ኤች3 መጣ።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተመራማሪዎች በወፍ ጉንፋን የታመሙ ሰዎችን ዕድሜ አነጻጸሩ። ኤች5ኤን1 በብዛት ያጠቃው ወጣቶችን ነው፤ ከ1960 ዓ.ም. በፊት የተወለዱት የተሻለ መከላከያ ነበራቸው። በኤች7ኤን9 ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ክፉኛ የተጎዱት አዛውንቶቹ ናቸው።

ስለዚህ አባታችን ግማሽ እውነት አላቸው። ግን ይህ ክትባት አይደለም፤ ለየትኛው ዝርያ እንደሚሠራም ቀድሞ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ላይ ኤች5ኤን1 ከያዛቸው 18 ሰዎች 6ቱ ሞተዋል። ደግሞስ የእኛን ዶሮ ማን ነው የሚይዘው? ልጆችና እናቶች አይደሉም?

ዶሮ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ «ፈንግል ነው» እንላለን። በዓይን ግን አይለይም። በ1998 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ዶሮዎች ሲያልቁ የወፍ ጉንፋን ተጠርጥሮ ነበር፤ አለመሆኑን ያወቅነው በላቦራቶሪ ነው።

ስለዚህ፦
✔ ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ከሞተባችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁ።
✔ የታመመ አርዳችሁ አትብሉ፣ ገበያ አታውጡ።
✔ የሞተውን ኦሞ ወንዝ አትጣሉ።
✔ ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ።

ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም ንገሩልን።