ማጥፊያ የሌለው ማሽን

የስታንሊ ኩብሪክን «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» (እ.ኤ.አ. 1964) ላላያችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ያበደ የአሜሪካ ጄኔራል አውሮፕላኖቹ ሶቪየት ኅብረትን በኒውክሌር እንዲመቱ ያዛል። ሶቪየቶች ደግሞ ጥቃት ሲደርስባቸው በራሱ የሚፈነዳ፣ ማንም ሊያጠፋው የማይችል ማሽን በድብቅ ሠርተዋል። ሌላው ሰው ሁሉ የታዘዘውን ሲፈጽም ዓለም ታልቃለች። የሚያስቀውም የሚያስፈራውም ይሄ ነው።

ከጥፋት በኋላ ያለውን ዓለም ደግሞ በአማርኛ አይተነዋል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን በቀረፀው «ክራምብስ» (እ.ኤ.አ. 2015) ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ከትልቅ ጦርነት በኋላ፣ ሰው በተመናመነበት ምድር የሚኖሩ ፍቅረኞች ናቸው። የድሮ ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይከበራል። ጦርነቱን ማን ጀመረው የሚለው ግን የፊልሙ ጉዳይ አይደለም። ዕቃው ተርፏል፣ ተጠያቂው ተረስቷል።

ይህን የተረሳ ጥያቄ በቁም ነገር ካነሱት አገሮች አንዷ የኛዋ ናት። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ሆና የገፋችውን ውሳኔ ቁጥር 1653 በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። የኒውክሌር መሣሪያ የተጠቀመ መንግሥት በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ ወንጀል እንደፈጸመ ይቆጠራል ይላል። አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም ጥፋተኛውን ለይቶ ጠርቷል።

ለምን ኢትዮጵያ? ጣልያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ተቀብላ ሳለ በወረራው ጊዜ ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበችብን። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ድረስ ሄደው ለዓለም ተናገሩ። ለዚያ ጋዝ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የቀረበ አንድም ጣልያናዊ ግን የለም። ከሰማይ የወረደ ሞት ባለቤት አልባ ሆኖ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ድምፅ አሰጣጡ ራሱ ስላቅ ነበር። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች፤ በታሪክ ትልቁን፣ 50 ሜጋቶን የሚሆን ቦምብ በሙከራ ካፈነዳች ገና 25 ቀኗ ነበር። ኩብሪክ ይህን ቢጽፈው አጋነነ ይባል ነበር።

ውሳኔው የሚከሰው መንግሥትን ነው። መንግሥት ግን ብዙ እጅ ነው፤ ከእጆቹ አንዱ ደግሞ የኔ ዓይነቱ ባለሙያ ነው። ሃያ ሁለት ካፌ ቁጭ ብለን ኮድ የምንጽፍ ልጆች የምንሠራው የአንድ ትልቅ ሲስተም ቁራጭ ነው። ሲስተሙ ሲወድቅ «እኔ ጋ ይሠራል» እንባባላለን፣ እንስቃለን። ክፍያ ሲዘገይ ቀልዱ ያስቃል። ሲስተሙ ሰው የሚገድል ሲሆን ግን ያው ዓረፍተ ነገር ማምለጫ ይሆናል። ሥራ ስለተከፋፈለ ተጠያቂነት አይተንም።

ለዚህ ነው ፊልሙን ሳየው ከጄኔራሉ ይልቅ ያ ማሽን የሚያሳስበኝ። ጄኔራሉ አብዷል። ማሽኑን ያለማጥፊያ የሠሩት ግን ጤነኞች ነበሩ።