መልስ ያጣው ደብዳቤና የመተማ መንገድ

መተማ ሲባል የብዙው አንባቢ አሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ክፉኛ ቈስለው ለሞት ወደ በቁበት ሜዳ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፥ የአንድ ደብዳቤ ታሪክ በዚህችው ከተማ ሁለት ጊዜ አልፏል። መጀመሪያ ደብዳቤው የተሰጠው ሰው መልስ ሳይዝ ተመለሰባት፤ በኋላም የዘገየው መልስ ገባባት።

በዚያ ጊዜ መተማ የተክሩሮች ከተማ ነበረች። ተክሩሮች ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ለሐጅ ወደ መካ ሲያልፉ በዚህ ቆላ የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። ሹማቸው ሼኽ ጁማ በሁለት ኃያላን መካከል ስለ ተቀመጠ ለኢትዮጵያም ለግብጽም ይገብር ነበር። ከደጋው ቡናና ሰም፥ ከቆላው ጥጥ በገበያው ይገናኙ ነበር፤ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፥ ንዳዱም ይበረታል፤ ስለዚህ መንገደኛ የኅዳርን ወር ይጠብቃል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የዚህ ጠረፍ ጎረቤት የሆነው የቋራ ሰው ናቸው። ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብጽ ወታደሮች ጋር ገጥመው ድል ሆነዋል። ሱዳንን የያዙትን ግብጾች የአገራችን ሰው «ቱርክ» ይላቸው ነበርና፥ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ቱርክ ሲናገሩ በዐይናቸው ያዩትን መናገራቸው ነው።

በ1854 ዓ.ም. ካፒቴን ቻርልስ ዳንከን ካሜሮን የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ምጽዋ ደረሰ። ይህ ሰው ቀድሞ በደቡብ አፍሪቃ ቅኝ ግዛት ያገለገለ፥ በዚያም የአገሬውን ተወላጅ ጭፍራ ያዘዘ መኮንን ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የሚደርስ ደብዳቤ ሰጡት። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ቱርኮች የአባቶቻቸውን አገር አንለቅም ማለታቸውን ማስረዳትና፥ ወደ ንግሥቲቱ የሚልኳቸው መልእክተኞች በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲዘጋጅላቸው መጠየቅ ነበር።

ካሜሮን ደብዳቤውን በመልእክተኛ ላከው እንጂ ራሱ ይዞት አልሄደም። እርሱ በቦጎስ በኩል ወደ ከሰላ ወረደ፥ በመተማም አድርጎ በ1855 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ተመለሰ። ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን የውጭ ጉዳይ ሹማምንት የሕንድን ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት መሩት፤ በዚያም ሳይመለስ ቆየ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ግን የተረሳው የተጻፈው ሆነ።

የለንደን ጸሓፊ መዝገብ ውስጥ ያደረ ወረቀት ብቻ ታየው ይሆናል። በአገራችን ደንብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ጃንሆይ!» ብሎ የጮኸ አቤት ባይ ቢረታም ቢረታበትም ቃል ሳይሰማ አይሰናበትም፤ ዝምታ ከእምቢታ የከፋ ንቀት ነውና። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ማለዳ ተነሥተው የድኻውን አቤቱታ የሚሰሙ ነበሩ። እንግዲህ የሌላውን ጩኸት የሚሰማ ንጉሥ የራሱ ቃል ሰሚ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። በዚያ ላይ ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ከጠላቶቻቸው አገር ዞሮ፥ መልስ ሳይዝ መጣ።

በኅዳር 1856 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ለቆንሲሉ ወረቀት ሲመጣ ለንጉሠ ነገሥቱ የተጻፈ አንድ ቃል አልነበረበትም። በታኅሣሥ መጨረሻ ካሜሮን ታሰረ። የእስራቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሚሲዮናዊው ስተርን በመጽሐፉ የጻፈው ነገርም ቍጣውን አባብሶታል። ሆኖም ካሜሮን ራሱ በየካቲት 1856 ዓ.ም. ከእስር ቤት በምስጢር ባወጣው ወረቀት ለደብዳቤው መልስ ካልመጣ የመፈታት ተስፋ እንደሌለው አመለከተ።

በዚህ ስፍራ የካሜሮንን በደል ማየት ይገባል። አለቆቹ ስፍራህ ምጽዋ ነው፥ በአገሩ ነገር አትግባ እያሉ ገሠጹት። እነርሱ መልስ ያልሰጡትን ወረቀት ዕዳ ግን በሰንሰለት የከፈለው እርሱ ነው። ወደ ከሰላ መሄዱ የራሱ ጥፋት ነበር፤ የመልሱ መታጣት ግን የእርሱ ጥፋት አልነበረም።

የንግሥቲቱ መልስ በግንቦት 1856 ዓ.ም. ተጽፎ፥ ሆርሙዝድ ራሳም ይዞት በሐምሌ ምጽዋ ደረሰ። አሁን ደግሞ ዝም የማለቱ ተራ የንጉሠ ነገሥቱ ሆነ። ራሳም ደጋግሞ እየጻፈ አንድ ዓመት ያህል ከጠበቀ በኋላ፥ በትግሬ በኩል ሳይሆን በመተማ እንዲመጣ ተፈቀደለት። ከዶክተር ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ገባ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፥ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ሲመጣለት በታኅሣሥ ወደ ወህኒ ወጣ፤ በጥር 21 ቀንም ከፊታቸው ቀረበ።

አቀባበሉ ያማረ ነበር። እስረኞቹም ለጥቂት ጊዜ ተፈቱ፤ ነገር ግን መተማመን ጠፍቶ ስለ ነበር ራሳምም ከባልደረቦቹ ጋር ታሰረ። ፍጻሜው የታወቀ ነው። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ መጣ፤ የዘመቻው ወጪ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ካሜሮን ከተፈታ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1862 ዓ.ም. ሞተ።

ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ወረቀት ብቻ ነው ብንል ታሪክን ማሳነስ ይሆናል። ነገር ግን በ1855 ዓ.ም. ጥቂት መሥመር የአክብሮት መልስ ቢጻፍ፥ እምቢታ እንኳ ቢሆን፥ የካሜሮንን እግር ከሰንሰለት ሊያድን በቻለ ነበር። በመተማ መንገድ ያለፈው መልስ የጐደለው ቃል ሳይሆን ጊዜው ነበር፤ አቤቱታ በጊዜው ካልተሰማ በኋላ የሚመጣው ቃል የቱንም ያህል ቢያምር ቍስሉን አይሽረውም።