ንጉሡ የመደርደሪያ ቁጥር አልጻፉም

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1872 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት መልሱልኝ ነው ነገሩ። መጽሐፉ የአገሪቱ ሕግ እንዳለበት፣ ያለ እሱም ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ።  ብሪቲሽ ሙዚየም ግን ፈለገ፤ ሁለት ቅጂ አገኘና አንዱን በዚያው ዓመት መለሰ።

እንደ አንባቢ ጥያቄ ካየነው ከዚህ የቀለለ አላውቅም። ጠያቂው የመጽሐፉን ስም ተናገረ፤ ፍለጋው የቤቱ ሥራ ሆነ። እዚያው ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ተራ አንባቢ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

ምክንያቱ አንቶኒዮ ፓኒዚ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ ነው። በ1837 የሕትመት መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ደሃ ተማሪ ከባለጸጋ እኩል መጽሐፍ ማግኘት አለበት ብሎ ለፓርላማ ኮሚቴ የተከራከረ ሰው ነው። አንባቢው ግን መጀመሪያ ካታሎጉን አገላብጦ የመጽሐፉን የመደርደሪያ ቁጥር እንዲያገኝ፣ ከዚያም በቅጹ ላይ ጽፎ እንዲሰጥ አዘዘ። በ1846 ሃሪስ ኒኮላስ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በዚህ ተናዶ በአደባባይ ወረፈው። ቶማስ ካርላይልም ስለ ካታሎጉ በመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ አማረረ።

በእኔ እምነት ፓኒዚ አልተሳሳተም። ቁጥር ከሌለ ሠራተኛው በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲንከራተት ይውላል። ግን ልብ በሉ፣ ድካሙ አልጠፋም፤ ከሠራተኛው ጫንቃ ወርዶ አንባቢው ላይ ተጫነ። ዛሬ አካውንት ከፍተን፣ ፓስዎርድ ረስተን፣ እንደገና አስተካክለን የምንጫነው "ጠይቅ" የሚል ቁልፍ ያው የፓኒዚ ቅጽ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከመቅደላ ወደ ሙዚየሙ የገቡት 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት በዊልያም ራይት ካታሎግ ታትመው የወጡት በ1877 ነው፤ ከዘረፋው 9 ዓመት በኋላ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የግዕዝ ሊቅ የገዛ አገሩን መጽሐፍ ለመጠየቅ የማያውቀው ቋንቋ አስፈለገው። አሁንም በብዙ የውጭ ካታሎጎች ርእሱ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እኔ ራሴ ተአምረ ማርያምን በአንድ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ገጽ (ስሙ ይቅር) ስፈልግ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። "አ" በነጠላ "ኤ" ነው በድርብ? ምልክት አናቱ ላይ አለው የለውም? ሦስት ጊዜ "ምንም አልተገኘም" አለኝ። መጽሐፉ ግን ነበር።

የሙዚየሙ መጻሕፍት በ1973 ወደ ብሪቲሽ ላይብረሪ ተዛወሩ። ከጊዜ በኋላ ካታሎጉ ኮምፒውተር ላይ ወጣ፤ ከኢትዮጵያ ብራናዎቹም ብዙዎቹ ፎቶ ተነስተው በኢንተርኔት ይታዩ ጀመር። ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቪዛ የለ፣ የአንባቢ ካርድ የለ።

ጥቅምት 28 ቀን 2023 (እሱም በፈረንጅ ነው) ሪሲዳ የተባለ የሰርጎ ገቦች ቡድን ላይብረሪውን መታው። ቡድኑ 20 ቢትኮይን ጠየቀ፤ ላይብረሪው አልከፈለም፤ 600 ጊጋባይት ገደማ መረጃ ተለቀቀ። ካታሎጉ ጠፋ፣ መጽሐፍ መጠየቂያው ጠፋ፣ የብራናዎቹ ፎቶዎችም አብረው ጠፉ። ካታሎጉ በጥር 2024 ሲመለስ መፈለጊያ ብቻ ነበር። መጽሐፍ የፈለገ ሰው ለንደን ድረስ ሄዶ ቁጥሩን በወረቀት ቅጽ ላይ ይሞላ ነበር፣ ልክ እንደ ፓኒዚ ዘመን። ለንደን ላለው ችግሩ መጓተት ነው። አዲስ አበባ ላለው ግን በሩ ራሱ ተዘጋ፤ እሱ ከመጀመሪያውም የነበረው ያ ፎቶ ብቻ ነው።

ያኔ ያልተመለሰው ሁለተኛው ክብረ ነገሥት እዚያው ለንደን ነው። መጠየቅ ለምትፈልጉ የመደርደሪያ ቁጥሩ ኦሪየንታል 818 ነው።