ድንጋይ ስናሰጣ የነበርን ሰዎች

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዝቋላ በኩል በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል። «ቲቸር፣ የኤሌክትሪክ ሳይክል ልገዛ አስቤያለሁ። ቤንዚን እኛ ጋ እስኪደርስ ዋጋው አይቀመስም። ግን የምኖርበት ቀበሌ መብራት የለም። ባትሪዋ በሶላር ትሞላለች ወይስ ብሬን ገደል ልከተው ነው?»

መልሱ ረዘመብኝ። ሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ እዚሁ ለጠፍኩት። የታሪክ መምህር ደግሞ ታሪኩን ሳይነካ አያልፍም፤ ታውቁኛላችሁ።

እኛ ልጅ እያለን ሰቆጣ ላይ ባትሪ ማለት ድንጋይ ነበር። የአባቴ ራዲዮ አራት ድንጋይ ትጎርሳለች። ድምጿ ሲሰልል አባቴ ድንጋዮቹን ያወጣና ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ማታ ዜናው እስኪያልቅ ያደርሱናል። «ፀሐይ ሞላቻቸው» ይል ነበር። ፀሐይ ግን አልሞላቻቸውም። ሙቀቱ ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ትንሽ ያነቃቃዋል እንጂ አዲስ ጉልበት አይጨምርበትም። እንስራው ውስጥ የቀረውን አንጠፍጥፎ እንደመቅዳት ነው።

ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ግን ዓለም ላይ ከጠፋ ቆይቶ አልነበረም። ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የሊድ አሲድ ባትሪን በ1859 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። እኛ ጋ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ዛሬም አብዛኛውን መኪና የሚያስነሳው የዚያው ባትሪ ዘር ነው። ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የሲሊከን ሶላር አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብራቶሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ታየ። የሊቲየም ባትሪን ሶኒ ለገበያ ያወጣው ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደርግ በወደቀበት ዓመት። አባቴ ድንጋይ ሲያሰጣ የነበረው፣ ፀሐይን በእውነት የሚያጠራቅመው ዕቃ ተሠርቶ ሳለ ነው። ያጣነው ዕውቀቱን ሳይሆን መንገዱን ነበር።

መብራትም ቢሆን ያው ነው። የተከዜ ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም ተመረቀ። ቁመቱ 188 ሜትር፣ ጉልበቱ 300 ሜጋ ዋት። ውኃው ተኝቶ የዋግን መሬት፣ አበርገሌንና ዝቋላን ይነካል። ልጆቻችን ዓሣ ያጠምዱበታል። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ግን በእጅ ባትሪ ራት የሚበላ ቤተሰብ አለ። ኃይል የሚሄደው ሽቦው ወደሄደበት ነው፤ ጎረቤት መሆን ብቻውን አያበራም።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲደርስ ደግሞ ሽቦ የነበረንም ከሌላቸው ጋር እኩል ሆንን። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ጎረቤታችን አንዲት እናት ቆርቆሮ ላይ ትንሽዬ ሶላር ነበረቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ ደጃቸው በስልክ ይሞላል፤ ሳንቲም አይቀበሉም። አንድ ቀን ተራ የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘሁና «አባባ፣ ኔትወርክ የለም፤ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። «የልጄ ፎቶ ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ የሚለምነኝን ሰው ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ ይቻላል። ሒሳቡን ግን ቀድመህ ሥራ።

ባትሪዋ 48 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት ከሆነች የምትይዘው 576 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 100 ዋት ሶላር በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥህ 500 ይሆናል። በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነውን ስትቀንስ ከ350 እስከ 400 ቢቀርህ ነው። ስለዚህ ባዶ ባትሪ በአንድ ቀን እንዲሞላ 200 ዋት ያዝ። ክረምት ላይ ከዚህም ያንሳል።

ሶላሩን ከባትሪዋ ጋር በቀጥታ እንዳታገናኝ። መሃል ላይ ቮልቱን የሚያስተካክልና ሲሞላ የሚያቆም፣ ለሊቲየም የተሠራ ኮንትሮለር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ባለ 48 ቮልት የሊቲየም ባትሪዎች 54.6 ቮልት ላይ ይሞላሉ፤ አንተ ግን ያንተዋ ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ሰዎች የሚረሱት ሌላ ነገር አለ። ፀሐይ ስትወጣ አንተ ሳይክሏን ይዘህ መንገድ ላይ ነህ፤ ሶላሩ ቤት ነው። ስለዚህ ወይ ሁለተኛ ባትሪ ገዝተህ ታፈራርቃለህ፣ ወይ ቀን በሌላ ባትሪ አጠራቅመህ ማታ በኢንቨርተር ታዛውራለህ። በሁለተኛው መንገድ ብዙ ይባክናል፤ ሶላሩን ጨመር አድርግ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ የምትወጣ ከሆነ ግን ትንሹም ይበቃሃል።

የመጨረሻው አደራ ነው። ባትሪዋን እንደ አባቴ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣት! ፀሐይ የሚመታው ሶላሩ ነው፤ ባትሪዋ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት ትቀመጥ። ሊቲየም ከጋለ ሊያብጥ፣ ሲብስም ሊነድ ይችላል። ካበጠች አትሙላት፣ ሰው ከሚተኛበት ቤትም አውጣት።

ስትገዛት ፎቶ ላክልኝ። ደጅህ ላይ ስልክ ይዞ የሚቆም ጎረቤት ካለም ከሶላሩ ላይ ትንሽ አትንፈገው።

እናንተስ፣ ድንጋይ አሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ አውሩኝ።

ሰላም ለዋግ፣ ሰላም ለሁላችን።