የፎገራ ሸማና የቀለም ታሪኩ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወረታና በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ጥቁር ዋልካ ምድር በመሆኑ፣ በአብዛኛው የሚታወቀው በፎገራ ከብት፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሩዝ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳው ጎንደርን ከደቡብ አገሮች ጋር የሚያገናኘው የንግድ መስመር የሚያልፍበት፣ በሰሜን ጠርዙም የይፋግ ገበያ የሚቆምበት ስለነበር፣ የልብስ ታሪኩን ከጎንደር የእጅ ጥበብ ነጥሎ ማየት አይቻልም።

የቤት ልብስ ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሴቶች ጥጡን በመዳመጫ ብረት ዳምጠው ፍሬውን ይለያሉ፣ በደጋን ነድፈው ያፍታታሉ፣ ባዘቶውንም በእንዝርት ይፈትላሉ፤ የተፈተለው ድርና ማግ፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውና በአግድም የሚገባው ክር፣ ለሸማኔ ተሰጥቶ ኩታ፣ ጋቢ ወይም የቀሚስ ጨርቅ ሆኖ ይመለሳል። በጎንደርና በአካባቢው ሽመናውን የያዙት በብዛት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ እነዚህ ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ቢወስንም፣ ክርስቲያኑ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስመውን ነጭ ሸማ የሚሠራለት ይኸው ከሰፈሩ የተለየው ሸማኔ ነበር።

ይህ ሸማ ነጭ ሆኖ የኖረው በእምነትና በልማድ ምክንያት ብቻ አይመስልም። ልብሱ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ነው፤ እንዶድ ፍሬው ተፈጭቶ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ተክል ሲሆን፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉትም ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። በእንዶድ እየታሸ በድንጋይ ላይ በሚወቀጥ ጨርቅ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ቀለም ወደ ልብስ መግባት የቻለው በክር በኩል ነው። በምጽዋ በኩል ይመጣ የነበረው የውጭ አገር ባለቀለም ጨርቅ ይገዛና ተተርትሮ፣ ክሩ በሸማው ጠርዝ እንደ ማግ ይገባ ነበር፤ ጥለት የሚባለው የጠርዝ መስመርና የመኳንንቱ ጃኖ ቀይ ዘርፍ በዚህ መንገድ ተሠርተዋል። የተሸመነን ጨርቅ መልሶ እስከ መተርተር የደረሰ ድካም፣ የማይለቅ ቀለም ምን ያህል ብርቅ እንደነበር ያሳያል።

በብሩሽ የሚቀባው ቀለም ቦታውን ያገኘው በማይታጠብ ጨርቅ ላይ ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ባሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሥዕል የሚበዛው ሕዝቡ ከሚቆምበት ከቅድስት በሚታየው የመቅደስ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ሥዕል ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ሸማ ላይ የተሣለ ነው። ከጭድ ጋር ተቦክቶ በተመረገ ጭቃ ላይ በቀጥታ የተቀባ ቀለም ምርጉ ሲሰነጠቅ አብሮ ይሰነጠቃል፤ ሸማው ግን ስንጥቁን ተሻግሮ ሥዕሉን ይይዛል። ይህ ብልሃት ለመነቀልም አመቺ ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ተልዕኮ የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንስቶ በምትካቸው አዲስ ቅጂ ለጥፎ የወሰደ ሲሆን፣ ዛሬ ሥዕሎቹ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሸማው ከግድግዳው የሚላቀቅ ባይሆን ኖሮ ዘረፋው እንዲህ አይቀልም ነበር።

በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ያበበው፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚሉት አሣሣል፣ ከሁሉ ይልቅ የሚራቀቀው በልብስ ላይ ነው። ሠዓሊው የእመቤታችንን መጎናጸፊያ በውጭ አገር ግምጃ አበባና ሐረግ ይሞላዋል፤ እቴጌይቱ ራሳቸው በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉት በእንዲህ ያለ ጌጠኛ ልብስ ነው። በዚህም በሚለበሰው ሸማ ላይ ያላረፈው ብሩሽ፣ ሸማ ላይ በተሣለው ልብስ ላይ ያሻውን ሠርቷል።

ለለባሹ የዚህን ጌጥ ቦታ የሞላው ጥልፍ፣ ማለትም በተሸመነ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚወጣ ጌጥ ነው። ከወረታ በስተምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የመሳፍንት ሴቶች ቀሚስ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው የንጉሡ ባለቤት የእቴጌ ጥሩነሽ ውቤ ቀሚስ ነው፤ ጨርቁ ጥጥ፣ ጥልፉ ባለቀለም ሐር ነው።

በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የፋብሪካ ምርት ለአካባቢው ቅርብ ሆነ፤ ቀለሙ የማይለቅ ክርም በየገበያው እየተገኘ ሲመጣ ጥለቱ እየሰፋ ሄደ። የጨርቅ አክሪሊክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በሸማ ቀሚስ ላይ መስቀልና ጥበብ በብሩሽ የሚሥሉ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ተነሥተዋል፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በካውያ ሙቀት እንዲይዝ ይደረጋል። እንዲህ ያለ ቀሚስ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ በቀስታ የሚታጠብ በመሆኑ፣ ለሠርግና ለበዓል እንጂ ለዘወትር አይለበስም።