የተከራይ ቤትና መርማሪዎቹ

የሰውን ቤት ገብቶ መመርመር ዛሬ የማዘጋጃ ቤትና የአከራይ ድርጅት ሥራ ሆኖ ቢታይም፣ የነገሩን ጥንት የሚሻ ሰው ኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 14 ገልጦ ቢያነብ ይጠቀማል። በዚያ ምዕራፍ፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ የለምጽ ምልክት ያየ ባለቤት ሄዶ ለካህኑ እንዲናገር፣ ካህኑም መጥቶ ምልክቱ ከግድግዳው ጠልቆ ቢያገኘው ቤቱን ሰባት ቀን እንዲዘጋው፣ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ደዌው ሰፍቶ ቢያየው የታመሙት ድንጋዮች ተነቅለው ከከተማ ውጭ እንዲጣሉ፣ ምርጉ ተፍቆ ቤቱ በሌላ ጭቃ እንዲመረግ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ዳግመኛ ቢወጣ ግን ቤቱ እንዲፈርስ ታዝዟል። ብዙ ሰው ምዕራፉን ሲያነብ ልብ ሳይለው የሚያልፈው አንድ ትእዛዝም አለ፤ ካህኑ ለምርመራ ከመግባቱ አስቀድሞ በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ይህም የድኻው ማሰሮና ምንጣፍ ከግድግዳው ጋር አብሮ ርኩስ እንዳይባልበት ነው።

እኔ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ያለውን ምሕረት ደጋግሜ አስቤዋለሁ። መርማሪው ሳይነገር አይመጣም፤ ሲመጣም የሚመረምረው ድንጋዩንና ምርጉን ነው እንጂ በውስጡ የሚያድረውን ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባለፈው ዘመን ሁሉ፣ ይልቁንም የፋብሪካ ከተሞች ከተነሡ ወዲህ፣ ተከራይ ቤቱን አጽድቶ፣ ኮተቱን ሰብስቦ፣ በሩን ከፍቶ መርማሪ የተቀበለበት ታሪክ ሲመረመር፣ ሥርዓቱ የተቃናው እነዚህ ሁለት ነገሮች በተጠበቁበት፣ የከፋውም በተረሱበት ስፍራ ሆኖ ይገኛል።

በስኮትላንድ አገር በክላይድ ወንዝ ዳር የምትገኘው የግላስጎው ከተማ በጥጥ፣ በብረትና በመርከብ ሥራ እየበለጸገች በሄደች ቁጥር፣ ከስኮትላንድ ደጋ አገርና ከአይርላንድ ረኀብ ሸሽቶ የሚገባው ሠራተኛ ከቤቱ ብዛት እጅግ ስለ በለጠ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ፎቅ በሳንቃ እየተከፋፈለ ለብዙ ቤተ ሰብ ይከራይ ጀመር፤ ሰው በሰው ላይ በተኛበትም ስፍራ ተስቦ ገብቶ ያለ ርኅራኄ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ በ1862 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የከተማው የፖሊስ ሕግ፣ ከሦስት ክፍል የማይበልጥና ይዞታው ከ2,000 ኪዩቢክ ጫማ የማያልፍ ቤት እንዲለካ፣ በውስጡም ለእያንዳንዱ ዐዋቂ 300 ኪዩቢክ ጫማ፣ ይኸውም ስምንት ሜትር ኩብ ተኩል ያህል አየር እንዲደርሰው፣ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን እንደ ግማሽ ሰው እንዲቈጠር ደነገገ።

የቤቱ ልክና ሊያድርበት የተፈቀደው ሰው ቁጥር ተጽፎበት በደጁ ላይ የሚቸነከር ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበረ፤ ሕዝቡም ቤቱን በዚሁ ምክንያት «ባለ ትኬት ቤት» ይለው ነበር። 900 ኪዩቢክ ጫማ የሆነች አንዲት ክፍል ሦስት ዐዋቂ ወይም ሁለት ዐዋቂና ሁለት ሕፃናት ብቻ ልትይዝ ትችላለች ማለት ነው፤ ሦስተኛ ሕፃን የተወለደ እንደ ሆነ አባትና እናት በሕግ ፊት በደለኞች ይሆናሉ። የጤና ተቆጣጣሪዎቹም ቈጠራውን የሚያደርጉት ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ስለ ነበረ፣ ከእኩለ ሌሊት አቅራቢያ ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ፋኖስ ይዘው ደጅ እየመቱ ይገቡ ነበር። በዚያች ሰዓት ኪራዩን ለማሟላት የተቀበሉት ተዳባይ ወደ ቁም ሣጥን ይገባል፣ ልጆቹ ከአልጋ ሥር ይገፋሉ፣ አንዳንዱም በመስኮት ወጥቶ በብርድ ሌሊት ጣራ ላይ ይቆማል፤ የተገኘም እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ዳኛ ፊት ቀርቦ መቀጫ ይከፍላል። በ1880ዎቹ ዓመታት በከተማዋ ከ23,000 በላይ የሆኑ እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሩ።

ከ1872 እስከ 1898 የከተማዋ የጤና ሹም የነበረው ሐኪም ጄምስ በርን ራስል፣ ሕጉን በትጋት ያስፈጸመ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1888 በአንድ ክፍል ውስጥ ስላለ ኑሮ ባደረገው ንግግር ለባለጠጎቹ የገለጠላቸው ነገር ከሰሌዳው ቁጥር ያለፈ ነበር። ከከተማይቱ ሕዝብ ሩብ የሚያህለው በአንዲት ክፍል ውስጥ እንደሚወለድ፣ እንደሚያገባ፣ እንደሚታመምና እንደሚሞት፣ ሕፃን የሞተ እንደ ሆነም አስከሬኑ እስኪቀበር ድረስ ወንድሞቹና እኅቶቹ ከሚበሉበትና ከሚጫወቱበት ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ላይ እንደሚጋደም ነገራቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ኮተት ማለት ምን ማለት ነው? ድስቱ ከአልጋው ሥር የሚቀመጠው ሌላ ስፍራ ስለ ሌለው ነው፤ እርጥብ ልብስ ከራስ በላይ የሚንጠለጠለው ማስጫ ስለ ሌለ ነው። በዚችው ከተማ ሴቶቹ የጋራውን ደረጃ በተራ ያጥቡ እንደ ነበረ፣ ተረኛዪቱን የሚያስታውስ ካርድ በበሯ ላይ ይንጠለጠል እንደ ነበረ፣ ደረጃውም ከታጠበ በኋላ ጠርዙን በነጭ አፈር ያስጌጡት እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ የድኻውን ቤት ያሳደፈው የጽዳት ፍቅር ማጣት ነው ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ሰሌዳው እስትንፋስን ቈጠረ እንጂ አንዲት ክፍል አልጨመረም።

በለንደን ከተማ ግን በዚያው ዘመን አንዲት ወጣት ሴት ነገሩን ከሌላ ወገን ጀመረችው። ኦክታቪያ ሂል በ1838 ተወልዳ፣ ስለ ከተማ ጤና ብዙ በደከመው በአያቷ በሐኪም ሳውዝዉድ ስሚዝ ድጋፍ ያደገች፣ የዘመኑን የክርስቲያን ማኅበራዊ አሳብ መምህራንም የሰማች ነበረች። በ1865 ዕውቁ ጸሐፊ ጆን ራስኪን ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ በሜሪሌቦን ሰፈር ፓራዳይዝ ፕሌስ በሚባል ስፍራ ሦስት ቤቶች ገዝቶ አስተዳደሩን ሰጣት፤ ሥራው ምጽዋት ሳይሆን ራሱን የቻለ እንዲሆንና ሌሎችም ባለ ገንዘቦች እንዲከተሉት ብሎ፣ በገንዘቡ ከመቶ አምስት ትርፍ እንዲገኝበት ፈለገ። የስፍራው ስም ገነት ማለት ሆኖ ሳለ፣ እርሷ በተረከበችው ጊዜ የግድግዳው ምርግ እየረገፈ፣ በአንዱ ደረጃ ላይ ከጣራ የሚወርደውን ዝናም የሚቀበል ባልዲ ተቀምጦ፣ የደረጃው መደገፊያ እንጨት ለማገዶ ነድዶ፣ ውኃውም በሚያፈስ ቆሻሻ በርሜል ተጠራቅሞ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሳነበው ያስደነቀኝ የልብስ ማጠቢያው ቤት ነገር ነው። ለተከራዮቹ የተሠራ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ቤት በግቢው ነበረ፤ ነገር ግን የቀድሞው አከራይ የራሱን ግሳንግስ ሞልቶ ስለ ዘጋባቸው፣ እነዚያ ድኾች ልብሳቸውን በሚተኙባት በአንዲቱ ክፍል እያጠቡ እዚያው ያሰጡት ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ አንድ መርማሪ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ በተንጠለጠለው ጨርቅና በረጠበው ወለል ተከራዪቱን በነቀፈ ነበር፤ የነቀፋው ሥር ግን በግቢው ማዶ በተቈለፈው በር ውስጥ፣ በአከራዩ ኮተት ውስጥ ነበረ።

ኦክታቪያ ሂል ሥራዋን የጀመረችው ስለዚህ ከራሷ ወገን ነው። አስቀድማ የውኃ መውረጃውን አስጠረገች፣ ውኃውን አስተካከለች፤ የጋራ የሆነውን ደረጃና መተላለፊያ፣ ይህ የአከራይ ድርሻ ነው ብላ፣ ከተከራዮቹ መካከል ከፍ ከፍ ያሉትን ልጃገረዶች ደመወዝ እየከፈለች ታስጠርገውና ታሳጥበው ጀመር። የታጠበው ደረጃ እስከ እያንዳንዱ ደጃፍ ሲደርስ፣ በሩ ውስጥ ያለው ወለልም ማንም ሳያዝዝ ከእርሱ ጋር ሊመሳሰል እንደሚወድ ጽፋለች። ለጥገና በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ተመድቦ፣ ከተሰበረውና ከተበላሸው ጥገና የተረፈው ተከራዮቹ ራሳቸው በመረጡት ማሻሻያ ላይ እንዲውል አደረገች፤ ከዚህም የተነሣ መስኮቱን ከድንጋይ የሚጠብቀው ተከራዩ ራሱ ሆነ።

ኪራዩን እርሷና ያሠለጠነቻቸው ሴቶች በየሳምንቱ በታወቀው ቀን እየዞሩ ይሰበስቡ ስለ ነበረ፣ ጉብኝቱ ድንገተኛ አልነበረም። ወደ ግል ክፍሉ ተጋብዛ ካልሆነ አትገባም ነበር፤ ይህ በዚያ ዘመን ድኻ ተከራይ ያላገኘው ክብር ነበር። ለስላሳ ሴት ነበረች ብዬ ግን አንባቢን አላታልልም፤ ኪራይ ላሳደረው ቤቱን ይለቅ ዘንድ ማስጠንቀቂያ ከመስጠት አትመለስም፣ የማይታረመውንም ታስወጣ ነበር፤ በጎበኘቻቸው ሰዎች ላይ የነበራት ሥልጣን ብዙ እንደ ነበረም እውነት ነው። ቢሆንም ከራሷ ግዴታ ጀምራ ወደ ተከራዩ ግዴታ የምትሄድ ስለ ነበረች፣ ቃሏ ጕልበት ነበረው። በ1884 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ርስት አስተዳዳሪዎች በሳውዝዋርክ ያሉ ቤቶቻቸውን አደራ ሰጧት፤ በ1912 እስክታርፍም ድረስ በዚሁ ሥራ ቆየች። የእርሷን መንገድ የተከተሉ ሴቶች በ1916 የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ።

ትምህርቷ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሆላንድ ሲደርስ ግን በሌላ እጅ ሌላ መልክ ያዘ። በአምስተርዳም የከተማው ሹማምንት ቤት አያያዝ አያውቁም ያሏቸውን ቤተ ሰቦች ለይተው የሚያስተምሩባቸው ሁለት ሰፈሮች፣ በ1926 ዜቡርኸርዶርፕን፣ በ1927 አስተርዶርፕን አሠሩ። አስተርዶርፕ በግንብ የታጠረ፣ በአንድ በር የሚገባበት ነበረ፤ ሴት ተቆጣጣሪዎችም የቤቱን ጽዳት ይከታተሉ ነበር። በዚያ የኖረ ሰው አድራሻውን ሲናገር ያፍር ዘንድ ግድ ሆነበት፤ በግንብ ውስጥ የተሰጠ የጽዳት ትምህርት ምንም በጎ ቢሆን ነውር ሆኖ ይቀራልና፣ ይህን ሥራ ያለ ማመንታት ስሕተት እለዋለሁ።

ነገሩ ወደ እኛ ወገኖች የሚደርሰው በአሜሪካ በኩል ነው። በዚያ አገር መንግሥት ለድኻ ቤት መሥራት በሰፊው የጀመረው በ1937 በወጣው የቤቶች ሕግ ሲሆን፣ በ1974 ደግሞ ተከራዩ በግል አከራይ ቤት እየኖረ መንግሥት የኪራዩን ከፊል የሚከፍልበት፣ ወገኖቻችን «ሴክሽን ኤይት» የሚሉት ሥርዓት ተጨመረ። በዚህ ሥርዓት የሚከራየው ቤት ስለሚመረመር፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትልና በሚኒሶታ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምርመራውን ያውቁታል። የምርመራው ቀን በደብዳቤ ሲነገር፣ የንስሐ አባት ሊመጡ ነው ሲባል ቤት ጠርጋ ቄጠማ ጐዝጕዛ ያደገች እናት፣ በዚያው ልማድ ከዋዜማው ጀምራ ወገቧን ታጥቃ ትነሣለች። የምጣዱ እንፋሎት ያረጠበውን ጣራ ትወለውላለች፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን በርበሬና ሽሮ ከመተላለፊያው አንሥታ በቁም ሣጥን ታሳድራለች፤ መስኮቱን የዘጋውን የልብስ ክምር ታነሣለች፤ ቡና በተፈላ ቁጥር በዕጣኑ ጢስ ይጮኽ ስለ ነበረ ባትሪውን ያወጣችበትን የጢስ ማስጠንቀቂያ፣ ልጇ ወንበር ላይ ወጥቶ ይመልስላታል። ይህ የመጨረሻው በእውነት የሚገባ ነው፤ ያ መሣሪያ በእሳት ሌሊት ነፍስ ያድናልና፣ መርማሪው አስቀድሞ ከሚያያቸው አንዱ ነው።

ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ፣ ጣራው ቢያፈስ የሚጠግንለት ባጣው የቀበሌ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው፣ አከራይን መጠየቅ እንደሚቻል ለማመን ይቸግረዋል፤ ስለዚህም ይህች እናት ምርመራው በእርሷ ላይ የተላከ ይመስላታል። ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የቆየው የቤት ጥራት መመዘኛ ግን 13 አርእስት የነበሩት ሆኖ፣ አብዛኛው ስለ ውኃው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ስለ ጣራና ግድግዳው፣ በአሮጌ ቤት ስላለው የእርሳስ ቀለም የሚናገር ነበር። ተከራዩ የሚጠየቀው እርሱ መክፈል ያለበትን መብራትና ውኃ ቢያቋርጥ፣ በራሱ ግዴታ ያመጣው ምድጃ ወይም ማቀዝቀዣ ቢጓደል፣ እርሱ ወይም እንግዳው ከተለመደው እርጅና ያለፈ ጕዳት ቢያደርስ ነው። የቀረው ሁሉ በአከራዩ ላይ ይወድቃል፤ ለሕይወት የሚያሰጋውን በ24 ሰዓት፣ ሌላውን በተለመደው አሠራር በ30 ቀን ውስጥ ካልጠገነ መንግሥት የሚከፍለውን ድርሻ ያግድበታል፤ አከራዩም ያን የታገደውን ገንዘብ ከተከራዩ ሊጠይቅ አይችልም።

እንግዲህ በባዕድ አገር እንግሊዝኛ የምታነቡ ልጆች ሆይ፣ ያ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ለእናታችሁ ነግራችሁ አታስቀምጡት፤ የአከራዩን ግዴታ የሚናገረውንም ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቡላት። እርሷ ወለሉን ስትወለውል እናንተ የሚያፈሰውን ቧንቧ፣ የማይዘጋውን መስኮት፣ ከግድግዳው ጥግ የወጣውን ሻጋታ እየዞራችሁ ጻፉ፤ ቀኑን ጨምራችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ግልባጩንም መርማሪው በገባ ጊዜ በእጇ እንድትይዘው ስጧት።